በቁንጫዋ ሆድ ውስጥ የተገኘው ሰማያዊ

ጥር 9

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለ«ለምን»፣

እንዴት ከርመሻል? ብርዱ፣ ሥራው፣ ያ ወጥ የሚያሳርርብሽ ምድጃ እንዴት ይዞሻል? እኔና አክስትሽ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት ዓሦቹ ናቸው፤ ብዕር ያነሳሁትም ስለነሱ ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ አንቺ አንዴ «ለምን?» ማለት ከጀመርሽ ካርዱ ያልቃል እንጂ ጥያቄሽ አያልቅም። ይህን ቅጽል ስም ያወጡልሽ አያትሽ ነፍሳቸውን ይማርና አልተሳሳቱም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛው ዙር የዓሣ ጫጩትም አለቀብኝ። አሥራ አምስት ሺህ! የመጀመሪያዎቹ ሲያልቁ ውሃው ቀዝቅዞ ይሆናል ብዬ ነበር። እነዚህን ግን የውሃውን ሙቀት በክንዴ እየለካሁ፣ ኩሬውን በገዛ እጄ እየፋቅሁ ነው የያዝኳቸው። ይበላሉ፣ ሆዳቸውም ይነፋል፣ ግን አያድጉም። በሦስተኛው ሳምንት ጭንቅላታቸው ብቻ ትልቅ፣ ገላቸው ክር ሆኖ በጎናቸው ይተኛሉ። የምመግባቸው የውሃ ቁንጫዎች ነገርም ግራ ገብቶኛል። ልጅ ሆነሽ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተደፍተሽ «የሚዘሉ ነጥቦች» ትያቸው የነበሩት ዛሬ መዝለሉን ትተው ገንዳው ሥር ቁጭ ብለዋል። ድሮ ገንዳው በነሱ ተሞልቶ ሾርባ ይመስል ነበር፤ አሁን በጣሳ ስጨልፍ አሥር አላገኝም።

የዓሣ አጥማጆቹ ማህበር ሊቀመንበር ትናንት መጥቶ ነበር። «ሃያ ሺህ ጫጩት በሰኔ መጨረሻ ሐይቁ ውስጥ መለቀቅ አለበት። ይህ ሦስተኛህ ነው። ካልሆነልህ ኩሬዎቹን ደፍነን ቦታውን መኪና ማጠቢያ እናደርገዋለን» አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የኖርኩበትን ቦታ! ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አባላቱ አላስቀምጥ ብለውት ነው። እኔስ መኪና ማጠብ አያቅተኝም፣ ግን ምን ቆርጦኝ።

ቁንጫዎቹን የያዛቸውን በሽታ የሚገድል መድኃኒት እዚያ ባሕር ማዶ ካለ ላኪልኝ። ሌላ የምፈልገው የለም።

ሸራሽ ዛሬም እንደ አዲስ ነው። ገንዳው ላይ ለጥላ ተወጥሮ ላየው ሁሉ «የእህቴ ልጅ በመጀመሪያ ደሞዟ የላከችልኝ» እላለሁ። አክስትሽ ጉንጭሽን ሳሚልኝ ብላለች፤ እንዴት እንደምትስሚ እሷው ታስብበት።

ጋሼሽ


የካቲት 2

ለጋሼ፣

በሩቁ ጉልበትዎን ስሜ፣ አክስቴንም አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ እንዴት ሰነበታችሁ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ምድጃውም ተሠርቷል።

ጋሼ፣ በሚወዱት ይዤዎታለሁ፣ ገንዳው ውስጥ ምንም መድኃኒት እንዳይጨምሩ! አንዲት ጠብታም! ደብዳቤዎን የከፈትኩት ሥራ ቦታ ነው። «ገንዳው ሥር ቁጭ ብለዋል» የሚለው ላይ ስደርስ ሳላውቀው ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። እኔ የምሠራበት የምርምር ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ሥር አርባ ስምንት ብርጭቆ ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አሥር አሥር የውሃ ቁንጫ አለ። የኔ ሥራ ጠዋት ጠዋት መቁጠር ነው፤ ስንቱ አለ፣ ስንቱ ወለደ፣ ስንቱ ሰመጠ። እናቴ ይህን ስነግራት «ቁንጫ ለመቁጠር ነው ባሕር የተሻገርሽው?» ብላ ስልኩን ለጎረቤት አቀበለች።

በግማሾቹ ብርጭቆዎች ውስጥ ፕላስቲክ እንጨምራለን። ፕላስቲክ ስል የሚጨበጥ እንዳይመስልዎ፤ ከዱቄት የደቀቀ፣ በዐይን የማይታይ ብናኝ ነው። የውሃ ቁንጫ ደግሞ ምርጫ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ እግሯን እያራገበች ውሃውን ታጠልላለች፤ የመጣላትን ሁሉ ትውጣለች። እና ጋሼ፣ ብናኙን የዋጡት ቁንጫዎች ምን እንደሚሆኑ ያውቃሉ? ይሰምጣሉ። ልክ እርስዎ እንደጻፉት!

የእርስዎም ይኸው ነው ብዬ አልምልም። አለቃዬ «ሳታዪ አትማዪ» ትላለች። ስለዚህ ያሳዩኝ። ሠላሳ ያህል ቁንጫ በነጭ የጥጥ ጨርቅ አጥልለው በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ይክተቱልኝ፣ ከፋርማሲ አልኮል ገዝተው ይሙሉበት፣ በቡሽ ይክደኑት። አደራ፣ ጠርሙሱ የፕላስቲክ እንዳይሆን። ደግሞም ጀርባቸው ላይ እንቁላል ይታያል? ውሃው የሚቀዳው ከየት ነው? ገንዳው መቼ ታጠበ? ማን አጠበው? በምን? ስሜ ማን ሆነና ነው አልጠይቅም የምለው።

ልቤ ተንጠልጥሏል፤ ቶሎ ይላኩልኝ።

«ለምን»


የካቲት 24

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬ እንደ ጥያቄሽ ብዛት ይድረስሽ።

ጠርሙሱን ለማግኘት ያየሁትን አበሳ ልንገርሽ። ቤት ውስጥ ያለው የመስታወት ጠርሙስ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የአክስትሽ ሽቶ። ሁለት ጣት ያህል ቀርቶታል። «ከኔ ሽቶና ከቁንጫ ምረጥ» አለችኝ። እኔም ዝም አልኩ፤ ዝም ማለቴ መልስ ሆኖ ሦስት ቀን ኩርፊያ በላሁ። በኋላ ራሷ ሽቶውን አንገቷ ላይ ደፍታ ጠርሙሱን አፍልታ ሰጠችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሠርገኛ ሠርገኛ ስትሸት ሰነበተች።

ፖስታ ቤት ደግሞ ልጅቷ «ምን አለበት?» አለችኝ። «ቁንጫ» አልኳት። ወንበሯን ይዛ ወደ ኋላ ሸሸች! «የሞቱ ናቸው» ብላት ጭራሽ ባሰባት። የተሰለፈው ሰው ሁሉ እግሩን ማከክ ጀመረ። ኃላፊው መጥቶ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና «ይኸማ አፈር ነው» ብሎ ማህተሙን መታልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አላረምኩትም።

መልሶችሽ እነሆ። እንቁላል ያላት ከሃያዋ አንዷ ናት፤ ያቺም ሁለት ሦስት ብትይዝ ነው። ድሮ አንዲቷ አሥር አሥራ አምስት ተሸክማ ነበር የምትዋኘው። ውሃው ከጉድጓዱ ነው፣ እኛም እንጠጣዋለን። ገንዳው የታጠበው በመስከረም ነው፤ ያጠብኩት እኔ፤ በሣር መጥረጊያ።

ሦስተኛውን ዙር ለማስፈልፈል እናቶቹን ዓሦች ለይቻለሁ። የሚበሉት ነገር ከሌለ ግን ማስፈልፈሉ ግፍ ነው። አንቺን ነው የምጠብቀው።

ጋሼሽ


መጋቢት 17

ጋሼ! ጋሼ! ጋሼ!

ሰላምታው ይቆየኝ፤ በኋላ እጥፍ አድርጌ እከፍላለሁ። ጠርሙሱ ዛሬ ረፋድ ላይ ደረሰ። ቡሹን ስነቅለው ክፍሉ በአክስቴ ሽቶ ታወደ፤ አጠገቤ የሚሠራው ልጅ «ማን ሊያገባ ነው?» አለ። አንዷን ቁንጫ በጠብታ አንስቼ መስታወት ላይ አስተኛኋትና ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኋት።

የውሃ ቁንጫ ገላዋ እንደ መስታወት ነው፤ ውስጧ ወለል ብሎ ይታያል። አንጀቷ ከአፏ ተነስቶ በጀርባዋ በኩል የሚጎብጥ አንድ ቱቦ ነው። ጤነኛ ስትሆን የበላችው አልጌ በዚያ መስመር ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የእርስዎዋን ሳያት ግን ቱቦው ሰማያዊ ነው! ከጫፍ እስከ ጫፍ በሰማያዊ ስብርባሪ ታጭቋል። ሁለተኛዋን አየሁ፣ ሰማያዊ። ሦስተኛዋን፣ ሰማያዊ! ጮህኩ መሰለኝ፤ አለቃዬ ሻይዋን እንደያዘች ሮጣ መጣች። ጎንበስ ብላ አየች፣ ቀና አለች፣ ደግማ አየች። «ይህ ከየት የመጣ ነው?» አለች። «ከጋሼ ገንዳ!» አልኳት፤ ጋሼን ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ይመስል። የሕንፃው ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየገባ አየ። የምይዘው የምጨብጠው ጠፍቶኝ ዋለ።

አሁን ይገባዎታል አይደል? ቁንጫዋ ጠግባለች፤ ግን የጠገበችው ባዶ ነው። አንጀቷ ስለታጨቀ ምግብ መግቢያ የለውም። አቅም የላትም፣ ስለዚህ አትዘልም፤ እንቁላል የምትሠራበት ስብ የላትም፣ ስለዚህ አትወልድም። ጫጩቶቹም ሆዳቸው እስኪነፋ ይበሏታል፣ እነሱም የሚያገኙት ያንኑ ባዶ ነው። በሽታ አይደለም ጋሼ! መድኃኒት ቢጨምሩ ኖሮ የቀሩትንም ይፈጁአቸው ነበር።

ደስ ያለኝ ሰማያዊ በመሆኑ ነው። ነጭ ቢሆን የት እንፈልገው ነበር? ከገንዳው አጠገብ ሰማያዊ የሆነውን ሁሉ፣ ባልዲ፣ ጎማ፣ ገመድ፣ የቀለም ቅራፊም ቢሆን፣ ከእያንዳንዱ የጥፍር ያህል ቆርጠው፣ በወረቀት ጠቅልለው፣ ምን እንደሆነ ጽፈውበት ይላኩልኝ። ብናኙን ከቁራጩ አመሳስዬ አገኘዋለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!

ሰላምታው እነሆ፦ ለእርስዎ ሺህ፣ ለአክስቴ ሁለት ሺህ፣ ስለ ሽቶዋ።

«ለምን»


ሚያዝያ 22

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። መልሴ ስለዘገየ አትቀየሚኝ፤ ትንሽ አሞኝ ነበር። አሁን ተሽሎኛል።

ያልሽውን ልኬአለሁ። አንደኛው ባልዲ ነው። ሁለተኛው የውሃው ጎማ። ሦስተኛው በሩን የምናስርበት ገመድ። አራተኛው የአክስትሽ ሸበጥ። አምስተኛው የመስኮቱ ቀለም።

እዚህ ሙቀቱ በርትቷል። የጎረቤት ላም ወልዳለች። የሊቀመንበሩ ልጅ መንጃ ፈቃድ አውጥቷል፤ አጥራችንን ሁለቴ ገጭቶታል። እናቶቹ ዓሦች ሆዳቸው ሞልቷል፤ በግንቦት መጀመሪያ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ስለ ቁንጫዎቹ ብዙ አትጨነቂ። የሆነው ይሆናል።

ጋሼሽ


ግንቦት 6

ለጋሼ፣

እግዜር ይማርዎ። ይህን ደብዳቤ በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው፤ በስልክ የምደፍረው ነገር አይደለም፤ ዋጋውን አይጠይቁኝ።

«የሆነው ይሆናል» የሚለውን ሳነብ እርስዎ የጻፉት አልመስል አለኝ። እኔ የማውቃቸው ጋሼ አንዲት ዓሣ በጎኗ ስትተኛ እህል የማይቀምሱ ናቸው። ሆኖም አምስቱንም ቁራጭ ለብቻ ለብቻ አየኋቸው። ባልዲው አይደለም። ጎማውም፣ ገመዱም አይደለም። ሸበጡ ቀለሙ ቢቀርብም አሠራሩ ሌላ ነው። ቀለሙም አይደለም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዷን ስብርባሪ በመርፌ ጫፍ ገለበጥኳት። ጀርባዋ ብርማ ነው፤ በአንድ ጎኗ ሰማያዊ፣ በሌላው ጎኗ ብር።

ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አውቃለሁ። እዚህ አንድ ሱቅ ውስጥ ቆሜ፣ የትኛው ይሻላል እያልኩ ሻጩን ያሰለቸሁት እኔ ነኝ። «ሰማያዊው ወደ ታች፣ ብርማው ወደ ፀሐይ» ብዬ በደብዳቤ የጻፍኩልዎ እኔ ነኝ። «ያንን የበሰበሰ ሰሌን ይጣሉት፣ ዘመኑ የሸራ ነው» ያልኩትም እኔው። ከሸራው የተረፈው ቁራጭ አልጋዬ ሥር ሻንጣ ተጠቅልሎበት ነበር። ሮጬ አምጥቼ አየሁት። ራሱ ነው። ራሱ!

አለቃዬ እጄን ጨብጣ እንኳን ደስ ያለሽ አለችኝ። እኔ ግን መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስንት ሺህ ጫጩት ነው የፈጀሁት?

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከልብዎ ይመልሱልኝ። ሸራው ሰማያዊ ነው። ገንዳው ላይ ነው ያለው። ሸበጥ እስከ መላክ ድረስ ፈልገው እንዴት እሱን ሳይልኩልኝ ቀሩ? ያውቁ ነበር?

ደብዳቤዬ እንደደረሰዎ ሸራውን ያውርዱት። ገንዳውን አድርቀው፣ ሦስቴ አጥበው፣ አዲስ ውሃ ይሙሉበት። የድሮውን ሰሌን ይመልሱት። ከገንዳው ቁንጫ አንዷንም እንዳያስቀሩ። ሌላ ከየት እንደሚያመጡ ግን አላውቅም። አላውቅም ጋሼ፤ እሱ ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 20

ለእህቴ ልጅ፣ ለዐይኔ ብርሃን፣

አውቅ ነበር።

ይኸው ተናገርኩት። በመጋቢት ደብዳቤሽ «ሰማያዊ» የሚለውን እንዳነበብኩ ወጣሁና ሸራውን በመዳፌ አበስኩት። እጄ እንደ ቀቢ እጅ ሰማያዊ ሆነ። ሁለት ዓመት ፀሐይ ሲጠብሰው ኖሮ ተበጣጥሷል፤ ነፋስ ባነሳው ቁጥር እንደ ዱቄት ገንዳው ውስጥ ይረግፋል። «እንደ አዲስ ነው» ብዬ ስጽፍልሽም ጫፉ ሄዶ በሽቦ አስሬው ነበር። አሞኛል ያልኩሽም ውሸት ነው። ያመመኝ ሌላ ነው።

ይሉኝታ ነው ልጄ። በመጀመሪያ ደሞዝሽ፣ ለራስሽ ካፖርት ሳትገዢ የላክሽልኝን ነገር «ይህ ነው የገደለብኝ» ብዬ እንዴት ልጻፍ? አገሩን ሁሉ ያስጎበኘሁትን ሸራ በምን አፌ ላውርደው? በሌላ ነገር ታሳብበው ይሆናል ብዬ ሸበጥ ላክሁ። ሆድ ከአገር ይሰፋል ይላሉ፤ የኔ ሆድ ግን ሃያ ሺህ ጫጩት ሊውጥ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩት ሰውዬ ተመልከች እንግዲህ!

ደብዳቤሽ እንደደረሰ በዚያው ሰዓት አወረድኩት። እጄ ላይ ፈረሰ። አክስትሽ በአሮጌ አንሶላ ውስጥ እየሰበሰበች ቋጠረችው። የድሮው ሰሌን ሲበሰብስ ቁንጫዎቹ ብስባሹን ይበሉትና ይወፍሩ ነበር፤ ያንቺ ሸራ መበስበስም አያውቅ፣ መበላትም አያውቅ። ገንዳውን አድርቀን ሦስቴ አጠብን፤ አራተኛውን አክስትሽ አላምን ብላ ጨመረች።

አሁን ደስ የሚለውን ስሚ! ጫጩቶቹ ግንቦት 11 ተፈልፍለዋል። ቁንጫ የለም። የእንቁላል አስኳል ቀቅዬ በጨርቅ እያጠለልኩ አበላቸው ጀመር። የአክስትሽ ዶሮዎች ቀን ከሌት ቢጥሉም ሃያ ሺህ አፍ አይችሉም። አራት ቀን እንደሰጋሁ ነበር፤ ይህን የምነግርሽን ነገር ያሰበችው አክስትሽ ናት። ብዕሩን እሷው ትያዘው።

ልጄ፣ እኔ አክስትሽ ነኝ። ጋሼሽ ያሳምረዋል ብዬ አላምነውም። ከመጸዳጃው ጀርባ ያለው የተሰነጠቀው ገንዳ ትዝ ይልሻል? ሸራሽ ከመምጣቱ አራት ዓመት በፊት ደርቆ የቀረው። እናቴ የምትኖርበት ሰፈር ኩሬው በበጋ ድርቅ ብሎ፣ ዝናብ ሲመጣ በሳምንቱ ቁንጫ ይርመሰመስበት ነበር። ከሰማይ አይወርድ! እንቁላሉ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ነው። «ከዚያ ገንዳ ሥር ጭቃ ላምጣ» ስለው ጋሼሽ «ስድስት ዓመት የደረቀ አፈር!» ብሎ ሳቀብኝ። ፈቅፍቄ በሦስት የሸክላ ገበቴ በጠበጥኩት፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኩት። በአራተኛው ቀን ጠዋት ጎንበስ ብል አንዲት ነጥብ ብድግ! ሌላዋ ብድግ! ጮህኩ። ጋሼሽ እሳት የተነሳ መስሎት ባልዲ ይዞ ሮጦ መጣ። ይሳቅ እስቲ አሁን።

ብዕሩን መልሼ ይዣለሁ፤ አልሳቅኩም። ጮቤ ረገጥኩ እንጂ! በዚህ ዕድሜዬ፣ በባዶ እግሬ፣ ባልዲውን እንደያዝኩ። ዛሬ ገንዳው ውስጥ ገብተዋል፤ ጀርባቸው ላይ እንቁላል ይቆጠራል። ይደርሱ ይሆን? አንድ ወር ነው የቀረን። ግን ይዘላሉ ልጄ፣ ይዘላሉ!

በድዬሻለሁና ይቅር በዪኝ።

ጋሼሽ


ሰኔ 5

ለጋሼና ለጀግናዋ አክስቴ፣

እልፍ ሰላምታ! ይቅርታማ የምጠይቀው እኔ ነኝ። ግን ተናድጄብዎታለሁ፤ እውነቱን ልንገርዎ። የላክሁት ስጦታ ስለሆነ ምነው፣ ድንጋይ ብልክልዎም ኩሬ ውስጥ ተሸክመው ይገቡ ነበር? ካፖርት ደግሞ አለኝ።

ንዴቴ ግን ከደስታዬ ፊት አልቆመም። የአክስቴን ጽሑፍ ለአለቃዬ አነበብኩላት። «ይህች ሴት የት ነው የተማረችው?» አለችኝ። «ከመጸዳጃው ጀርባ» አልኳት። ዛሬ በስልክ ሁለተኛው ትውልድ ወለደ ስትሉኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ፤ የጽዳት ሠራተኛው ባልዲውን አስቀምጦ ምን ሆንሽ አለኝ፣ ነገርኩት፣ እሱም ሳቀ።

አንድ ልመና አለኝ። ሊቀመንበሩ ጫጩቶቹን ሊወስድ ሲመጣ ስለ ሸራው አይንገሩት። በሽታ ነበር፣ አለፈ ይበሉት። አባላቱ ሁለት ዙር ያለቀው በእርስዎ ገንዳ፣ በእኔ ሸራ መሆኑን ቢሰሙ ቦታውን ይነጥቁዎታል። እኔም እውነት ለመናገር አፍራለሁ። የውሃ ሊቅ ሆነች የተባለችው ልጅ ውሃውን መረዘች ሲባል እናቴ ገበያ እንዴት ትወጣለች? የኔን ነገር እባክዎ አያንሱ።

«ለምን»


ሰኔ 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

እንኳን ደስ ያለሽ፣ እንኳን ደስ ያለን! ሃያ ሺህ ስድስት መቶ! በሳህን ነው የቆጠርነው፤ አንዱ ሳህን ሁለት መቶ ይዛል፣ መቶ ሦስት ሳህን ሞላን። እያንዳንዱ ጫጩት ጀርባው ወፍሮ፣ ዐይኑ ፈጥጦ፣ እጅ ሲያይ በርግጎ የሚሸሽ ነው። ሊቀመንበሩ ሰኔ 24 በጭነት መኪና አሥራ ሁለት አባላት ይዞ መጣ። በርሜሉ ውስጥ አጎንብሶ አየና «እጅህ ይባረክ!» ብሎ አቀፈኝ። ለከርሞ ሠላሳ ሺህ አዘዘ። የመኪና ማጠቢያውን ነገር ማንም አላነሳ።

እንዳልሽው ዝም ብል ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን ዞር ብሎ ሰሌኑን አየ። «አንተን የመሰለ ሰው በሰሌን? ማህበሩን ታሰድበዋለህ!» አለና ምልክት ሰጠ። ሁለት ሰዎች ከመኪናው ላይ አንድ ትልቅ ጥቅል ተሸክመው አወረዱ። አረንጓዴ የናይለን መረብ፣ አዲስ፣ በሪባን የታሰረ። አባላቱ አዋጥተው የገዙልኝ ነው። አጨበጨቡ። አክስትሽ እግሬን ረገጠችኝ፤ ቻለው ማለቷ ይሁን ተናገር ማለቷ እስካሁን አልነገረችኝም።

ልጄ፣ አመስግኜ ተቀብዬ፣ ከሄዱ በኋላ ጎተራ ውስጥ ልወረውረው አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጡ «መረባችንስ?» ሲሉኝ ታየኝ። እኔም እንዳይከፋቸው አውጥቼ ስወጥረው ታየኝ። ራሴን አውቀዋለሁ።

«ይህም ያው ፕላስቲክ ነው፣ አልቀበልም» አልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሸራውን፣ ሰማያዊውን አንጀት፣ አውቄ ዝም ማለቴን። ስምሽንም አነሳሁ፤ ተቆጪኝ። ያላንቺ እውነቱ አይቆምልኝም። «ገዳይዋም ሐኪሟም አንዲት ልጅ ናት በለኛ!» አለ አንዱ፣ ጥቂቶች ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። መረቡን አስጫነና ደህና ሁን ሳይለኝ ሄደ። ጫጩቶቹን በዚያው ቀን ሐይቁ ውስጥ ለቀቋቸው።

ሦስት ቀን የሚያናግረኝ ጠፋ። ትናንት ረፋድ ላይ ሊቀመንበሩ ብቻውን በእግሩ መጣ። ከኮቱ ኪስ አንድ የመስታወት ጠርሙስ አወጣ፤ ቁንጫ ነው፣ በአልኮል። ከሐይቁ ዳር ራሱ የጨለፈው ነው። እጄ ላይ አስቀመጠና «መረቦቻችን ሁሉ ናይለን ናቸው። ሲበጣጠሱ የት እንጥላቸዋለን? እዚያው ሐይቁ ውስጥ። ሠላሳ ዓመት። ለልጅቷ ላክላትና ትይልን» አለኝ።

«ክፉ ሆኖ ቢገኝስ?» አልኩት።

«ክፉ ከሆነ ክፉ ነው ብላ ትጻፍ። ለአባላቱ ቆሜ የማነብበው እኔ ነኝ» አለና ሄደ።

ጠርሙሱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው። ያሳደግናቸው ሃያ ሺህ ስድስት መቶዎቹ ዛሬ ከዚያ ውሃ ነው የሚበሉት። ስታዪ ቀስ ብለሽ እዪ። ስትጽፊ ግን ጋሼ ይከፋዋል ብለሽ አንዲት ቃል እንዳታለሳልሺ።

ጋሼሽ